አለርቱ ለምን ደርቆ ይቀራል? ለላይቭ ስርጭት የሚንቀሳቀስ ሥዕል አመራረጥና አሠራር

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሜራ ተክላችሁ ላይቭ ታስተላልፋላችሁ እንበል። አዲስ ተከታታይ ሲመጣ ከታች በግራ በኩል የደንገል ታንኳ እየተቀዘፈ እንዲያልፍ ፈልጋችሁ ሥዕሉን አሠርታችኋል፤ እንዲህ ያለው ማሳወቂያ አለርት ይባላል። ኮምፒውተሩ ላይ ስትከፍቱት ታንኳው ይሄዳል። ላይቭ በምታስተላልፉበት ፕሮግራም፣ ኦቢኤስ ላይ ስታስገቡት ግን ወይ እንደ ፎቶ ደርቆ ይቆማል፣ ወይ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ይዞ ይመጣል፣ ወይ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ብቅ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ድምፁ ብቻ ተሰምቶ ሥዕሉ ጭራሽ ሳይመጣ ይቀራል። አራቱም ችግሮች ምክንያታቸው የተለያየ ነው፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም። ብዙ ሰው ግን ለአራቱም ያንኑ ጊፍ ደጋግሞ ኮንቨርት ሲያደርግ ያመሻል።

ለቸኮለ ሰው፦ ባክግራውንድ የሌለው፣ 480 በ480 ፒክሰል፣ 3 ሰከንድ፣ ቪፒ9 በሚባለው የቪዲዮ ማሸጊያ የተሠራ፣ ከ300 ኪሎባይት የማይበልጥ ዌብኤም (የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ነው) አዘጋጁ። ከጎኑ 1 ሜጋባይት የማይሞላ ጊፍ ለመጠባበቂያ ያዙ። ለምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ይቀጥል፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ፋይሉን የሚከፍተው ማን ነው?

ኦቢኤስ አንድ ፕሮግራም ይሁን እንጂ ሥዕል የሚገባባቸው በሮች (ሶርስ ይባላሉ) ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የሚያውቁት ፎርማት አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ብራውዘር ሶርስ ነው። ውስጡ ክሮሚየም፣ ማለትም የክሮም ብራውዘር መሠረት ስለሆነ ክሮም የሚያጫውተውን ያጫውታል፦ ጊፍ፣ የሚንቀሳቀስ ዌብፒ (ክሮም ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ያውቀዋል)፣ ኤፒኤንጂ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ፒኤንጂ (ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ)፣ እንዲሁም ዌብኤም ቪዲዮ። እንደ ስትሪምላብስና ስትሪምኤለመንትስ ካሉ የአለርት አገልግሎቶች የምትቀዱት የአለርት ሊንክ የሚለጠፈው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ሚዲያ ሶርስ ነው፤ ኤፍኤፍምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መክፈቻና ማሸጊያ ይሠራል። ዌብኤምን ከነግልጽነቱ (ባክግራውንዱን አሳልፎ ከማሳየቱ ጋር)፣ ጊፍንም ያጫውታል። የሚንቀሳቀስ ዌብፒን ግን በዚህ በኩል አትመኑት።

ሦስተኛው ኢሜጅ ሶርስ ነው። እዚህ በእርግጠኝነት የሚንቀሳቀሰው ጊፍ ነው። ኤፒኤንጂ ብታስገቡ ተራ ፒኤንጂ መስሎት የመጀመሪያውን ፍሬም (ከሚፈራረቁት ሥዕሎች አንዱን) ብቻ ያሳያል፤ ስህተት አለ ብሎም አይነግራችሁም። «ደረቀ» የሚባለው አለርት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ በር ላይ የቆመ ነው። ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ የገባበት በር ነው የተሳሳተው። ክሮም ላይ ጎትታችሁ ጣሉት፤ እዚያ ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉን አትንኩ፣ ሶርሱን ለውጡ።

ከሦስቱ በፊት ደግሞ አንድ ዘበኛ አለ፦ የአለርት አገልግሎቱ የመጫኛ ገጽ። ብራውዘሩ የሚያጫውተውን ፋይል እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አያስገባም። ጊፍና ዌብኤም በተለመዱት አገልግሎቶች ያልፋሉ። ዌብፒ ወይም ኤፒኤንጂ አልቀበልም ካላችሁ የፋይሉን ስም መጨረሻ በእጅ ቀይራችሁ ልታታልሉት አትሞክሩ። የፋይል ዓይነት የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ባይቶቹ ነው እንጂ በስሙ አይደለም፤ ቢያልፍ እንኳ በኋላ ላይቭ ላይ ያሳፍራችኋል። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ ከድረ ገጽ ላይ «ጊፍ» ብላችሁ ያወረዳችሁት ፋይል ገጹ ለብራውዘሩ የሰጠው ዌብፒ ሆኖ ይገኛል።

ጊፍ፦ ሽማግሌው ፎርማት

ጊፍ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው፤ ግልጽነትንና የፍሬም ቆይታን ያገኘው በ1989 እትሙ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። የትም የሚከፈተውም፣ የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንደኛው ችግር ቀለም ነው። በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይዝም። የጣናን የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ጊፍ ብታደርጉት ሰማዩ እንደ ደረጃ ይከፋፈላል፣ ወይም በነጥብ ይሞላል፤ ነጥቡ ደግሞ ፋይሉን ያሳብጠዋል። ጊፍ የሚወደው ወጥ ቀለምና ወፍራም መስመር ነው። የዘጌ ገዳማትን ግድግዳ ያየ ሰው ይህ አሣሣል አዲስ አይሆንበትም፦ ቀይ ቀይ ነው፣ ቢጫ ቢጫ ነው፣ ዳር ዳሩን ጥቁር መስመር ይዞታል። በዚያ መንገድ የተሣለ ታንኳ በ32 ቀለም ይበቃዋል፣ ፋይሉም ትንሽ ይሆናል። (አሣሣሉን ተዋሱ እንጂ የቅዱሳንን ሥዕል ራሱን አለርት ላይ አታዝልሉ። ተመልካቹ የሚቀየመው በእናንተ እንጂ በፎርማቱ አይደለም።)

ሁለተኛው ችግር ጠርዝ ነው። ጊፍ ላይ አንድ ፒክሰል ወይ ሙሉ በሙሉ ይታያል ወይ ጭራሽ አይታይም፤ ግማሽ የሚባል የለም። ሣዩ ግን የታንኳውን ጠርዝ ለስላሳ አድርጎ ነው የሠራው፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ፒክሰሎች ከፊል ግልጽ ናቸው። ወደ ጊፍ ሲለወጥ እነዚያ ፒክሰሎች ከአንድ ቀለም ጋር ተቀላቅለው ይደነድናሉ፤ ያ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው። ነጭ ገጽ ላይ ስታዩት ችግሩ አይታወቅም፤ ከምሽት ሐይቅ ላይ ስታስቀምጡት ግን ታንኳው በኖራ የተከበበ ይመስላል። ጊፍ የግድ ከሆነ ኤክስፖርት ስታደርጉ «ማት» የሚለውን ቀለም ከስርጭታችሁ ባክግራውንድ ጋር አቀራርቡት፤ ለቀን ሐይቅ ግራጫ ሰማያዊ፣ ለምሽት ጥቁር ሰማያዊ። ከዚህም የሚሻለው ሥዕሉን በራሱ ወፍራም ጥቁር መስመር መክበብ ነው፤ ያን ጊዜ ጠርዙ ምንም ቢሆን መስመር ይመስላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ጊዜ። ጊፍ የፍሬም ቆይታን የሚለካው በሰከንድ መቶኛ ነው፤ ሙሉ ቁጥር ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ 5 ብትሰጡት በሰከንድ 20 ፍሬም፣ 4 ብትሰጡት 25፣ 2 ብትሰጡት 50 ያገኛሉ። ትክክለኛ 30 ወይም 60 የለም። ይባስ ብሎ ቆይታውን 1 ያደረገ ፋይል ብራውዘር ውስጥ ሲገባ ብራውዘሩ 10 አድርጎ ያነበዋል፤ የቸኮለው ታንኳ በሰከንድ 10 ፍሬም ይንፏቀቃል። «ኮምፒውተሬ ደካማ ሆኖ ነው» ከማለታችሁ በፊት የፍሬም ቆይታውን እዩ። ለአለርት 5 ምረጡ፤ 3 ሰከንድ ማለት 60 ፍሬም ነው።

መደጋገምም ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። «ሉፕ ፎርኤቨር» ሳይመረጥ የወጣ ጊፍ አንድ ዙር ተጫውቶ መጨረሻው ፍሬም ላይ ይቆማል። የራሳችሁን የአለርት ገጽ የምትጽፉ ከሆነ ሌላም ወጥመድ አለ፦ ያንኑ የሥዕል አድራሻ ሁለተኛ ጊዜ ስትጠሩ ክሮሚየም እንደ አዲስ ላይጀምረው ይችላል። ከአድራሻው ኋላ በየጊዜው የሚለወጥ ቁጥር፣ ለምሳሌ የሰዓቱን፣ ስትጨምሩበት ሌላ ፋይል መስሎት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጉዳቱ ፋይሉን በየጊዜው እንደ አዲስ ማውረዱ ነው፤ ስለዚህ ይህን የምታደርጉት ሥዕሉ ከራሳችሁ ዲስክ የሚነበብ ከሆነ ብቻ ነው።

ዌብፒና ኤፒኤንጂ

ሁለቱም ሙሉ ቀለምና 256 ደረጃ ያለው ግልጽነት ይዘዋል፤ ስለዚህ የነጭ ጠርዝ ጣጣ የለባቸውም። ኤፒኤንጂ ጥራት ሳይቀንስ ስለሚያሽግ ይከብዳል፤ ለትንሽ ወጥ ሥዕል እንጂ ለፎቶ አይሆንም። ዌብፒ ይቀላል። ሁለቱም ጥሩ የሚሆኑት ብራውዘር ሶርስ ውስጥ፣ ያውም የአለርት አገልግሎታችሁ ከተቀበላቸው ነው። ጊፍም ሆነ እነዚህ ሁለቱ ድምፅ አይዙም።

ዌብኤም፦ ለአለርት የሚመከረው

ዌብኤም ሥዕል ሳይሆን ቪዲዮ ነው። የሚቀለውም ለዚህ ነው፤ በየፍሬሙ የተለወጠውን ብቻ ይይዛል። በቪፒ8 ወይም በቪፒ9 ሲታሸግ ግልጽነቱን እንደ ሁለተኛ፣ የተደበቀ ምስል አብሮ ይወስዳል፤ ፋይሉም ላይ «አልፋ (ግልጽነት) አለኝ» የሚል ምልክት ይጻፋል። ጥቁር ሳጥን የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ኮንቨርተሩ ያንን ምልክት ካልጻፈ፣ ወይም ግልጽነቱን ጨርሶ ከጣለው፣ ኦቢኤስም ክሮሚየምም ፋይሉን እንደ ተራ ቪዲዮ ይከፍቱታል። በኦንላይን ኮንቨርተር ከጊፍ ወደ ዌብኤም የተለወጠ ፋይል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ። ዌብኤሙን በአይፎን ሳፋሪ ከፍታችሁ ጥቁር ቢሆን አትደንግጡ፤ ሳፋሪ የቪፒ9 ግልጽነትን አያሳይም። መፈተኛችሁ ኦቢኤስ ራሱ ይሁን። በኤፍኤፍምፔግ የምትሠሩ ደግሞ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ሲገባም ተጠንቀቁ። ሲወጣ የፒክሰል ዓይነቱ «ዋይዩቪኤ420ፒ» (yuva420p) መሆን አለበት፤ «ኤ» የምትለዋ ፊደል ከጎደለች ግልጽነቱ የለም። ግልጽ ዌብኤም ከፍታችሁ እንደገና ስታሽጉ ደግሞ ከግቤቱ ፋይል በፊት ሊብቪፒኤክስ-ቪፒ9 (libvpx-vp9) የሚባለውን ዲኮደር (ፋይል ፈቺ) በስም ጥሩት፤ ካልተጠራ የተለመደው ዲኮደር ይከፍተውና ግልጽነቱን ሳያነብ ያልፈዋል።

ከቴሌግራም ስለሚወሰድ ነገር

እኛ ዘንድ የሥዕል መጋዘኑ ቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ ይህ ለብቻው ሊነገር ይገባል። ቴሌግራም ላይ «ጊፍ» የሚባለው በእውነት ድምፅ የሌለው ኤምፒ4 ቪዲዮ ነው። ኤምፒ4ው ግልጽነት የለውም፤ ምንም ብታደርጉት ከነባክግራውንዱ ይመጣል። የሚንቀሳቀሰው ስቲከር ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቲጂኤስ ይባላል፦ የታመቀ የቬክተር ጽሑፍ ስለሆነ ኦቢኤስ በቀጥታ አይከፍተውም፤ መጀመሪያ ወደ ፒኤንጂ ፍሬሞች መዘርዘር አለበት። ሁለተኛው ቪዲዮ ስቲከር ነው፦ በቪፒ9 የታሸገ ዌብኤም፣ አንዱ ጎኑ 512 ፒክሰል፣ እስከ 3 ሰከንድ፣ እስከ 30 ፍሬም በሰከንድ፣ ከ256 ኪሎባይት ያልበለጠ። ይህ ከላይ ለአለርት ከመከርነው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። ለራሳችሁ ቡድን ያሠራችሁት ቪዲዮ ስቲከር ካለ ሌላ ሥራ ሳይጠይቅ ሚዲያ ሶርስ ውስጥ ይገባል። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ።

ዌብኤሙን በሾትከት መሥራት

ሾትከት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው፣ በአነስተኛ ኮምፒውተርም ይሠራል። የሥዕሉ ፍሬሞች ባክግራውንድ በሌላቸው ፒኤንጂዎች ተዘርዝረው አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ፤ ስማቸው በቁጥር ይሁን፣ ከፊት ዜሮ ይኑረው፦ 001፣ 002፣ 003 እስከ 090። ዜሮውን ከተዋችሁት 10 ከ2 ቀድሞ ሊሰለፍ ይችላል፤ ታንኳው ወደፊትና ወደኋላ ይዘላል።

1. «ሴቲንግስ» ውስጥ «ቪዲዮ ሞድ»ን ከፍታችሁ የራሳችሁን ጨምሩ፦ ወርድ 480፣ ቁመት 480፣ በሰከንድ 30 ፍሬም። ይህን ሳታደርጉ ከጀመራችሁ ሥዕሉ 1920 በ1080 መሀል ላይ ትንሽ ሆኖ ይወጣል።

2. 001ን ክፈቱ፤ «ፕሮፐርቲስ» ላይ «ኢሜጅ ሲኩዌንስ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። የቀሩትን 89 ፍሬሞች ራሱ ይሰበስባል። የድግግሞሹ ቁጥር 1 ፍሬም መሆኑን አረጋግጡ።

3. ወደ ታይምላይን አስገቡ። ከሥሩ ሌላ ነገር አታኑሩ፤ የቀለም ትራክ ካስቀመጣችሁ እሱ ባክግራውንድ ይሆናል።

4. «ኤክስፖርት» ላይ «አልፋ» ከሚለው ክፍል የቪፒ9 ዌብኤሙን ምረጡ። ከሌላ ክፍል ያለው የዌብኤም ምርጫ ስሙ ቢመሳሰልም ግልጽነት አያወጣም።

5. የኦዲዮ ትር ውስጥ ድምፁን ዝጉ። የአለርት አገልግሎቱ ለብቻው ድምፅ ስለሚጨምር ዌብኤሙም ድምፅ ካለው ሁለቱ ይደራረባሉ።

6. ፋይሉን አውጡ፣ መጠኑን እዩ። ከ300 ኪሎባይት ካለፈ መጀመሪያ የኮዴክ ትር ላይ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። ካልበቃ ፍሬሙን ከ30 ወደ 20 አውርዱ። ወርዱንና ቁመቱን መቀነስ የመጨረሻው ነው፤ ትንሽ ሥዕል ኦቢኤስ ላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛልና።

መጠባበቂያውን ጊፍ በጂምፕ

ጂምፕ የሥዕል ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። ፍሬሞቹን «ኦፕን አዝ ሌየርስ» በሚለው ክፈቱ፤ እያንዳንዱ ሥዕል አንድ ሌየር ይሆናል። ከ90 ፍሬም በየሦስቱ አንዱን ብታወጡ 60 ይቀራል፤ በ50 ሚሊሰከንድ ቆይታ ያው 3 ሰከንድ ነው። ኤክስፖርት ስታደርጉ «አዝ አኒሜሽን» እና «ሉፕ ፎርኤቨር» ምልክት ይደረግባቸው፣ ቆይታው 50 ይሁን፣ ለሁሉም ፍሬም እንዲሠራ የሚያዘውንም ምልክት አድርጉ።

ከዚያ «ፍሬም ዲስፖዛል» የሚል ምርጫ አለ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊፍ የሚበላሸው። ባክግራውንድ ለሌለው ሥዕል የሚመረጠው «ሪፕሌስ» ነው፦ አዲሱ ፍሬም የቀድሞውን አጥፍቶ ይተካዋል። «ኮምባይን» ከሆነ ፍሬሞቹ ይደራረባሉ፤ ታንኳው በሄደበት ሁሉ ጥላውን እየተወ ሄዶ መጨረሻ ላይ ስልሳ ታንኳ የተሰለፈ ይመስላል።

ክብደቱ የሚታየው ኔትወርኩ ላይ ነው

ድምፁ መጥቶ ሥዕሉ የሚቀረው እዚህ ነው። የአለርቱ ሥዕል አገልግሎቱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ብራውዘር ሶርሱ ያወርደዋል። 8 ሜጋባይት ጊፍ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚወርድበት የሞባይል ዳታ 32 ሰከንድ ይፈጃል። አለርቱ የሚቆየው 8 ሰከንድ ከሆነ ሥዕሉ ሳይደርስ አለቀ። 300 ኪሎባይቱ ዌብኤም በዚያው መስመር ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይዘልም። ኔትወርኩ ምሽት ላይ ሲጨናነቅ ልዩነቱ ይብሳል።

ከላይቭ በፊት እያንዳንዱን አለርት አንድ አንድ ጊዜ «ቴስት» አድርጉ፤ አንዴ የወረደ ሥዕል ብራውዘሩ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ስለሚቀመጥ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይመጣል። «ሪፍሬሽ ካሽ» የሚለውን ቁልፍ ከዚያ በኋላ አትንኩት፤ ሁሉንም እንደገና ያስወርዳችኋል። የዳታ ሒሳቡንም እወቁት፦ በሰከንድ 2500 ኪሎቢት ቪዲዮና 128 ኪሎቢት ድምፅ ሲላክ አንድ ሰዓት ላይቭ ወደ 1.2 ጊጋባይት ይበላል።

ሜሞሪም ሌላ ክብደት ነው። የጊፍ ፋይል ዲስክ ላይ ትንሽ ቢመስልም ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ይሆናል። 480 በ480 የሆነ 60 ፍሬም 55 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ያው ጊፍ ሙሉ ስክሪን፣ 1920 በ1080 ቢሆን ወደ 500 ሜጋባይት ይደርሳል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ስክሪን ጊፍ ኢሜጅ ሶርስ ውስጥ ከቶ ኦቢኤስ ተንቀራፈፈ ብሎ መገረም አይገባም።

ኦቢኤስ ላይ ማስቀመጥ

«ሶርስስ» ሥር የመደመር ምልክቱን ተጫኑ፣ «ብራውዘር» ምረጡ፣ የአለርት ሊንኩን ለጥፉ። ወርድ 800፣ ቁመት 600 ብሎ ይመጣል፤ ለ720ፒ ስርጭት ይበቃል። ስክሪኑ ላይ በእጅ አትለጥጡት፤ መተለቅ ካለበት ቁጥሩን ለውጡ። ሊንኩ እንደ ይለፍ ቃል ነው፤ ያገኘው ሰው አለርታችሁን እቤቱ ሊከፍተው ስለሚችል ስክሪናችሁን ስታሳዩ ተጠንቀቁ።

«ኮንትሮል ኦዲዮ ቪያ ኦቢኤስ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ የአለርቱ ድምፅ ሚክሰሩ ላይ ራሱን ችሎ አይመጣላችሁም። «ሶርሱ በማይታይበት ጊዜ ዝጋ» የሚለውን ግን ተዉት። እሱ ከበራ ሲን (የስክሪኑን ትዕይንት) በቀየራችሁ ቁጥር ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ በዚያ መሀል የመጣ አለርት ይጠፋል፣ ስትመለሱም ገጹ እንደ አዲስ ይወርዳል። አለርቱን በብዙ ሲን ላይ የምትፈልጉት ከሆነ አዲስ እየፈጠራችሁ አትደርድሩ፤ ነባሩን ጨምር የሚለውን ምረጡ። አምስት ሲን ላይ አምስት አዲስ ብራውዘር ማለት አምስት ግንኙነትና አምስት ጊዜ ማውረድ ነው።

የተከታታዩ ስም በአማርኛ ሲመጣ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ካያችሁ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፣ ኮምፒውተሩም ሌላ የሚተካበት አላገኘም። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ይተካዋል፤ ሊኑክስ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑ። ስምም ሆነ «እናመሰግናለን» የሚለውን ቃል ሥዕሉ ላይ አትጻፉ፤ በጽሑፍ ይምጣ።

በቴሌብር ለመጣ ስጦታ፦ በእጅ የሚነሳ አለርት

ተመልካች በቴሌብር ሲልክ መልእክቱ የሚደርሰው ስልካችሁ ላይ ነው፤ የአለርት ሊንኩ አይሰማም። ስለዚህ ይህኛው አለርት ኢንተርኔት ሳይነካ፣ ከራሳችሁ ዲስክ ይነሳ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከሁሉም ይልቅ የማያስቸግረው ይኸኛው ነው።

ሚዲያ ሶርስ ጨምራችሁ ዌብኤሙን ከፎልደር ስጡት። «ሉፕ» ይብራ። ሶርሱ ሲታይ ከመጀመሪያው እንዲጀምር የሚያዘው ምልክት ይብራ። ሃርድዌር ዲኮዲንግ ይጥፋ፤ ለ3 ሰከንድ ፋይል ጥቅም የለውም። ከዚያ የጽሑፍ ሶርስ ጨምሩ፤ ዊንዶውስ ላይ «ከፋይል አንብብ» የሚል ምልክት አለው። ባዶ የጽሑፍ ፋይል በኖትፓድ ፈጥራችሁ በዩቲኤፍ8 አስቀምጡና እሱን ስጡት፤ በሌላ ኢንኮዲንግ ከተቀመጠ አማርኛው ወደ ዝብርቅርቅ ይለወጣል። ሁለቱን ሶርሶች መርጣችሁ በአንድ ግሩፕ እሰሩ፣ ግሩፑን ደብቁት።

«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሆትኪስ» ላይ ግሩፑን ፈልጉ፤ ለማሳየትም ለመደበቅም ያንኑ ቁልፍ ስጡ። አንዴ ሲጫኑት ይወጣል፣ ሁለተኛ ሲጫኑት ይገባል። ስልኩን የያዘው ረዳት ስሙን ኖትፓዱ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል፣ ጽሑፉ መለወጡን አይቶ ቁልፉን ይጫናል፣ ስምንት ቆጥሮ ይመልሰዋል። ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር አይጻፍ፤ የላከው ሰው እንዲጠራ የፈለገው ስም ይበቃል።

አለርት ሲወጣ ምስሉ ሲንተከተክ

ከ«ዶክስ» ሜኑ «ስታትስ»ን ክፈቱና አለርቱን እያነሳችሁ ሦስት ቁጥሮችን እዩ። በሬንደሪንግ መዘግየት የጠፋ ፍሬም ከጨመረ ግራፊክስ ካርዱ ነው የከበደው፤ ሥዕሉን አሳንሱ። በኢንኮዲንግ መዘግየት የተዘለለ ከጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው፤ የኢንኮደሩን (ቪዲዮውን የሚያሽገውን ክፍል) ፕሪሴት ወደ ፈጣኑ ለውጡ። በኔትወርክ የጠፋ ከጨመረ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) አውርዱ፤ ያን ጊዜ ፎርማት መቀየር ምንም አይፈይድም።

ሦስቱም ዜሮ ሆነው ምስሉ ግን ወደ ካሬ ካሬ የሚሰባበርበት ጊዜ አለ። ይህ ሐይቅ ዳር የሚያስተላልፍ ሰው ጣጣ ነው። የሚንቀሳቀስ ውሃና በነፋስ የሚወዛወዝ ደንገል ለኢንኮደር እጅግ ከባድ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም ከቀድሞው ይለያል። 2500 ኪሎቢቱን ማዕበሉ ብቻውን ጨርሶታል። በዚያ ላይ ሙሉ ስክሪን የሚበተን ኮንፌቲ ስታወርዱበት የሚካፈሉት ቢት የለም፤ መጀመሪያ የሚሰባበረውም የእንግዳው ፊት ነው። አለርቱን ከስክሪኑ አንድ አራተኛ አታሳልፉ፣ ብልጭታና ደቃቅ ቅንጣት ቀንሱበት፤ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበርቅ ነገር ደግሞ የሚጥል በሽታ ያለበትን ተመልካች ሊጎዳ ስለሚችል ጨርሶ አታድርጉት። ካሜራውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከውሃው ሰማዩ እንዲበዛ ብታደርጉ ለአለርቱ የሚሆን ቢት ይተርፋል።